የተገለበጠው መኪና ባለቤት

አባቴ የሞተ ሰሞን እኔ ባለመኪና ነበርኩ። ብትስቁ አልቀየማችሁም። ያኔ የሳቁብኝን ልጆች ግን ፊታቸውን ቧጥጬላቸዋለሁ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለችው ሰፈራችን ከፈረስና ከበቅሎ ሌላ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔ ማናለብሽ ክንዴ ግን መኪና ነበረኝ። እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ገደል ውስጥ የተኛ ይሁን እንጂ መኪና መኪና ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ነው። አባቴ የአድማሴን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አድማሴ ዳንግላ ላይ ወፍጮና የእህል መጋዘን ያለው፣ አገሩ ሁሉ አንቱ የሚለው ነጋዴ ነው። እኔ ግን አንቱ ልበለው ብል ምላሴ እሺ አይለኝም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። መኪናው ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ነበር። ከታች ጆንያ ይጫናል፣ ከጆንያው በላይ ሰው ይጫናል፣ ሰው ላይ ደግሞ ዶሮና ቅቤ ይጫናል። አባቴ በቁልቁለታችን ሲያልፍ ክላክሱን ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ያደርግልኛል፤ እኔም የትም ብሆን ወደ ቀርቀሃው አጥር ሮጬ እጄን አውለበልባለሁ።

የዚያን ዕለት ከእናቴ ጋር ድንች እየቆፈርን ነበር። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የመኪናው ድምፅ ከላይ ተሰማ። ክላክሱ ጮኸ፤ ጮኸና አላቆመም። «እማዬ ዛሬ ለኔ እንዴት አድርጎ ነፋልኝ!» ብዬ ሮጥኩ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ በሁለት እጄ አውለበለብኩለት። መኪናው ከመታጠፊያው ሲወጣ ወደ አንድ ጎኑ ዘምሞ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከብት ሊተኛ ሲል እንደሚያደርገው፣ ተጋደመና ተንከባለለ።

ለኔ አልነበረም የነፋው። ከታች በመንገዱ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ስለነበሩ ዞር በሉ ማለቱ ነበር። እነሱ ተረፉ። አባቴና ጆንያው ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሞቱ። እኔ ስደርስ የፊት ጎማው ገና በአየር ላይ ይሽከረከር ነበር። ገብሱ ተዘርግፎ፣ ዘይትና ጭቃ ተለውሶ፣ የአንዲት ሴት ዶሮ ከነታሰረችበት ትጮኻለች። አባቴን በሱፍ ባና ጠቅልለው ሲያወጡት እጁን ብቻ አየሁ።

ለቅሶው ላይ አድማሴ በበቅሎ መጣ። ጃንጥላውን ለአሽከሩ ሰጥቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን መታ። እንባውን ጠርጎ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ሲሄድ ደግሞ ተከትዬው ሰማሁት።

«ምን ላድርግ እናንተ? መጠጥ ነው የበላው። ስንቴ መከርኩት!»

መኪናው የተገለበጠው ረቡዕ፣ በጾም ቀን ነበር። አባቴ እንኳን ረቡዕ፣ በፋሲካም መሪ ሊይዝ ከሆነ ጠላ በአፉ አይዞርም። ይህን እናቴ ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል። ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም፤ ግማሹ የአድማሴን እህል ተበድሯል። እናቴ እታለማሁ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ብድግ ብላ መሬት እስክትነካ እጅ ነሳችው። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ደከሙልኝ» አለችው። እኔ እጁን በነከስኩለት ስል፣ እሷ እጅ ትነሳለች! የዚያን ቀን እናቴን ጠላኋት።

ከወሩ በኋላ ዳንግላ ፍርድ ቤት ተጠራን። የሟቾቹ ዘመዶች ከስሰው ነበር። እናቴ እኔን የምትተውበት ሰው አጥታ ይዛኝ ሄደች። ከፍርድ ቤቱ ውጭ በመስኮቱ ስር ቆሜ የጋሪ ፈረሶቹን አያለሁ። ከውስጥ የዳኛው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«መኪና ተገልብጦ ሰው ከጎዳ የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤት ነው። አዲሱ ሕግ የሚለው ይህን ነው። ባለቤቱ ማነው?»

«ሟቹ ክንዴ ነው፣ ጌታዬ» አለ አድማሴ። «ከፋሲካ በፊት ሸጬለታለሁ። እኔ የለሁበትም። እነዚህ ሁለቱ ምስክሮቼ ናቸው።»

ሁለት ሰዎች ማሉ። እኔ ውጭ ዘለልኩ! አባቴ ነጂ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የራሱ ነው የሚነዳው! እናቴ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ደግሞ ደስታዬን ደብቃ ያቆየችብኝ መስሎኝ አኮረፍኳት። ሰፈር ስንደርስ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኩ። «የሰካራም ልጅ» ሲሉኝ የነበሩትን «እናንተ ምን አላችሁ? እኛ መኪና አለን!» አልኳቸው። እናቴ ከኋላዬ መጥታ በጥፊ አላሰችኝ።

«ሁለተኛ ይቺን ቃል ካፍሽ እንዳልሰማ!» አለችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም።

አሁን ሳስበው ያ ጥፊ ሲያንሰኝ ነው። መኪናው የአባቴ ነው ማለት የሦስቱ ሟቾች ካሳ በኛ ላይ ነው ማለት ነበር። ለዚያ የሚሆን ደግሞ ከዘንገና ዳር ካለችው ርስታችንና ከሁለቱ በሬዎች በቀር ምንም የለንም። ፍርዱ ለጥቅምት ተቀጥሯል። ጥቅምት ሲመጣ መሬታችን ይወሰዳል፣ እኛ ከነጓዛችን መንገድ ላይ እንወጣለን፣ አባቴ ደግሞ ሰክሮ ሰው የጨረሰ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይኼን ነው «መኪና አለን» እያልኩ ለሰፈሩ የማበሥረው።

አድማሴ መኪናውን «ሸጫለሁ» ብሎ በማለ በሳምንቱ ግን ገደሉ አፍ ላይ ዘበኛ አቆመ። ሞተሩ አልተጎዳም ነበርና ክረምቱ ሲያልፍ በበሬ አስጎትቶ ሊያወጣው አስቧል። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ይህን ወሬ ይዛ መጣች። እሷና እናቴ ምስጢር ሲኖራቸው በአገውኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ አገውኛ የማልሰማ ይመስል!

«የሸጠውን ዕቃ የሚያስጠብቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች እናቴ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ደብሪቱ።

እናቴ የድንቹን ልጣጭ በጣቷ ስትቆራርጠው አስታውሳለሁ። ለአድማሴ የነሳችው እጅ ምን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ሴትዮዋ ጎንበስ ያለችው ድንጋይ ልታነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለና ዘበኛው ሸሽቶ ሰው ቤት ገባ። እናቴና ደብሪቱ እንደዚያው በበረዶው ወጥተው፣ በባና የተጠቀለለ ከባድ ነገር ተጋግዘው መጡ። የድንቹን ክምር ገልጠው ከስሩ አስገቡት። ሲወጡ ሄጄ ገለጥኩት። እርስ በርሱ የተነባበረ ረጃጅም ብረት ነው፤ የመኪና ባሌስትራ ይሉታል፣ ከጎማው በላይ ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው ማለት ነው። ሲገለበጥ ተገንጥሎ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ነበር። ከብረቶቹ ሁለቱ መሐል ለመሐል ተሰብረዋል። ስብራቱ ላይ ፀጉሩ ገና ያልረገፈ የበሬ ጠፍር ተጠምጥሞበታል። ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ላልቶ እጄን እስከ አንጓዬ አስገባሁበት። የርጥብ ቆዳ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እናቴ ደረሰችብኝ። ትመታኛለች ብዬ ስሸማቀቅ ቁጢጥ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የኛ መኪና ነው?»

«አዎ» አለችኝ። «እስኪ ለጊዜው የኛ ይሁን።» ፈገግም አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ለአገሩ ሰው እንዲህ ያለ ብረት ቀልድ አይደለም፤ አንጥረኛ ቢያገኘው ስንት ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል። አድማሴ መጥፋቱን ሲሰማ አበደ። ለአጥቢያ ዳኛው ለአቶ ደጉ አመለከተና አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል፤ ነገር ሲጠፋ አገር ምድሩ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪገኝ እርሻ የለ፣ ገበያ የለ። አንድ አንድ እየተነሳ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዶ ያየውን በጆሯቸው ይነግራል። የተናገረው ሰው ስሙ አይጠራም። «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው።

እኔ ወፍ ሲባል ወፍ ነው የፈለግሁት። ከተሰበሰብንበት ኮሶ ዛፍ ላይ አንድ ቁራ ነበር፤ እሱ ይሆናል አይቶን የነገረው ብዬ በድንጋይ አባረርኩት። ኋላ አቶ ደጉ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወፍ ነግራናለች። ብረቱ ከእታለማሁ ቤት፣ ከድንች ክምር ስር ነው ብላለች።»

ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ከድንች ስር መሆኑን ቁራ ከየት ያውቃል? የምታውቀው ደብሪቱ ናት፣ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ አይቻታለሁ። ከጎኔ ነበር የተቀመጠችው። ክንዷን ያዝኩና በጥርሴ ዘነጠልኳት። «ውይ በሞትኩት! ይቺ የክንዴ ነብር!» አለችና ራሴን ደባበሰችኝ። አልጮኸችም፣ አልገፈተረችኝም። የነከስኳትን ጠባሳ ይዛ ነው ያረጀችው። ከዓመታት በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ሂጂና አጋልጪኝ ብላ የላከቻት እናቴ ራሷ ናት።

እናቴ ሳትጠየቅ ወደ ቤት ሄዳ ብረቱን በባናው እንደተጠቀለለ ከደብሪቱ ጋር ተጋግዛ አመጣችና ከአድማሴ እግር ስር ዘፍ አደረገችው።

«ሌባ!» አለ የአድማሴ አሽከር።

«ኧረ ጌታዬ እኔ ምን በወጣኝ!» አለች እናቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ዳንግላ ላይ መኪናው የክንዴ ነው ብለው ማሉ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ በሐሰት አይምሉ። የክንዴ ከሆነ የልጁ ነው፤ የልጄን ብረት ቤቴ አስገባሁ።»

እኔ «አዎ! የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀ።

አድማሴ ብልጥ ነው፣ መጀመሪያ አልገባላትም። «የሟች ንብረት ቢሆንም እዳ እስኪጣራ እኔ በአደራ ነው የማስጠብቀው» አለ።

«ይኑሩልኝ ጌታዬ!» አለች እናቴ፣ አሁንም እጅ ነሳች። «እንግዲያው ከእንግዲህ አይድከሙ። ሞተሩን ለቡሬ ነጋዴ ሸጬዋለሁ። ጎማዎቹንም። ነገ በበሬ ሊያስጎትተው ሰው ይዞ ይመጣል። ዘበኛዎን ያሰናብቱ።»

የቡሬ ነጋዴ የሚባል ሰው አልነበረም። የአድማሴ ፊት ግን በርበሬ መሰለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ምን? ማንን ነው የምትሸጪው? የማንን ሞተር! አንቺ ብሎ ሞተር ሻጭ! ባልሽ የኔ አሽከር ነበር! በደመወዝ የሚያድር ነጂ! የኔን መኪና፣ የኔን ብረት...»

«የጠፋ ከብት እንኳ ምልክቱ ሳይነገር አይወሰድም» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «የርስዎ ከሆነ ምልክቱን ይናገሩ።»

አቶ ደጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንብ ነው፣ አቶ አድማሴ። ብረቱ ተሸፍኗል። ምልክቱን ተናግረው፣ መስቀል ጨብጠው ምለው ይውሰዱ።» ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ።

አድማሴ መስቀሉን ነጥቆ ያዘ። «ሁለቱ ቅጠል መሐል ለመሐል የተሰበረ ነው! በበሬ ጠፍር የታሰረ ነው! አዲስ ግዛ ሲለኝ ይበቃል፣ እሰረውና ሂድ ብዬ፣ ከመነሳቱ በፊት እኔው ራሴ ቆሜ ያሳሰርኩት ነው! ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ? የኔ ነው! በዚህ መስቀል የኔ ነው!»

እናቴ ባናውን ገለጠች። ጠፍሩ እዚያው ነበር፣ ላልቶ ተንጠልጥሎ።

አገሩ አጉረመረመ። በአገውኛ ነበርና አድማሴ አልሰማውም፤ የዳንግላ ከተማ ሰው ስለሆነ አማርኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። እየመሰከሩለት መስሎት ካባውን አስተካከለ። እነሱ ግን አንድ ነገር ነበር ከአፍ አፍ የሚቀባበሉት። «በሰኔ? በጠፍር?» ከዚያ መሐል በሰኔ ዝናብ ጠፍር እንደሚላላ የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ቀንበሩን እንኳ በርጥብ ጠፍር አስሮ የሚያርስ የለም፤ ይህ ሰውዬ ያን ሁሉ ጆንያና ያን ሁሉ ሰው አስሮበታል። የሟቾቹ ዘመዶች ጠመንጃቸውን ይዘው አንድ በአንድ ተነሱ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጃቸው ጆንያው ላይ የሞተባቸው፣ ወደ እናቴ መጥተው «ክንዴን ሰካራም ያልኩበት አፌ ይቆረጥ» አሉ።

እኔ ይሄ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቴ መኪናውን ተቀማ። አሽከር ነበር ተባለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ጭቃ ነከስኩ። «መኪናችንን መልስ! ሌባ!» እያልኩ አድማሴን ጭቃ ወረወርኩበት። እናቴ ስትመጣ ደግሞ ትስቃለች! እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ብድግ አድርጋ አቅፋኝ «እሰይ ልጄ፣ እሰይ፣ መኪና የለንም! ምንም የለንም!» ትለኛለች። አብዳለች ብዬ ፈራኋት።

ጥቅምት ላይ አቶ ደጉና ሽማግሌዎቹ ዳንግላ ሄደው የሰሙትን መሰከሩ። የሁለቱ ምስክሮች መሐላ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። የመኪናው ባለቤት አድማሴ ነው ተብሎ ካሳው ለሦስቱም ቤት ለኛም በሱ ላይ ተፈረደ። መሬታችን ቀረልን። እናቴን ግን ይህ አላጠገባትም።

የሟቾቹ ዘመዶች ደም ሊመልሱ ነው የሚል ወሬ ስለነበረ አድማሴ እርቅ ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። እንደ ደንቡ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከደጅ ይወድቃል። ሦስቱ ቤቶች እሺ አሉ። እናቴ ግን ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፦

«ድንጋይ አልቀበልም። ድንጋይ ምን አጠፋ? ያንን ያሰረውን ብረት ተሸክሞ ይምጣ። የኔ ነው ብሎ በመስቀል ምሎ የለ?»

መጣ። በባዶ እግሩ፣ ከገደሉ ጀምሮ በጭቃው፣ ባሌስትራውን ከነጠፍሩ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አገር እያየው። ከቀርቀሃው በራችን ፊት ጎንበስ ብሎ ቆመ። እናቴ ከቤት ሆና ድንች ላጠች፣ ቀቀለች፣ አቀዝቅዛ አበላችኝ። ሽማግሌዎቹ «እታለማሁ፣ በእግዜር!» ቢሏት «ልጄን ላብላ እንጂ» አለች። ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣ። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁት ደስ አለኝ፤ የአባቴን መኪና በየዕቃው ሊመልስልን የጀመረ መስሎኝ ነበር። ነገ ሞተሩን ያመጣል ብዬ ጠዋት በር ላይ ተቀምጬ ጠብቄዋለሁ።

በመጨረሻ ወጣችና «ይቅር ብያለሁ» አለችው። ቄሱ መረቁ። አድማሴ ብረቱን ከደጃችን ጥሎ ሄደ።

ይቅር አለች? አለች፤ እግዜርም ሰምቷታል። ከዚያ ብረቱን አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ማረሻ አስወጣችው። ስምም አወጣችለት። አጎቴ ምህረቴ እርሻችንን ሊያርስ ሲነሳ ከደጅ ሆና ለመንደሩ እስኪሰማ ትጮኻለች።

«ምህረቴ! አድማሴን አጥብቀህ እሰረው፣ ይላላብሃል!»

ሲዶለዱም ደግሞ አንጥረኛው ቤት ራሷ ይዛው ትሄድና ከወናፉ ፊት ትቀመጣለች። ቀልቶ ሲወጣ፣ መዶሻው ሲያርፍበት፣ ዓይኗን አትነቅልም። «ዛሬ የት ዋልሽ?» ሲሏት «አድማሴን ሳስቀጠቅጥ» ትላለች። አድማሴ በሰላም አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። የሞተ ዕለትም እናቴ ለቅሶ ደርሳ፣ እጅ ነስታ፣ ተመልሳ «ምህረቴ፣ ነገ ይታረሳል» አለች።

እኔም ከሷ ነው የወጣሁት። አሁንም ወደ ጥሊሊ ሚኒባስ ስሳፈር ጎንበስ ብዬ ከስሩ አያለሁ። ረዳቶቹ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» ይሉኛል። «ጠፍር» እላቸዋለሁ። አይገባቸውም።

ባለፈው የልጅ ልጄ ያለምወርቅ ጓዳ ስታጸዳ ያንን ማረሻ አገኘችው። በመታረስና በመቀጥቀጥ ብዛት አልቆ የጣት ያህል ቀርቷል። ቆራሌው ከውጭ ይጣራል።

«አያቴ፣ ይቺን ዝገት ልስጠው?»

«አድማሴን?» አልኳት። «ተይው፤ ገና ትንሽ ይቀረዋል።»